ጉርሻና ጉቦ፦ ዳማን ያስተማርኩበት መንገድ

ዳማ ወደ ቤታችን የመጣችው ገና የሦስት ወር ቡችላ ሳለች ነው። በመጀመሪያው ሳምንት፣ በጣቶቼ የያዝኩትን የዶሮ ሥጋ ቁራጭ ወደ አፍንጫዋ እያስጠጋሁ መቀመጥን ሳለማምዳት፣ እናቴ ከወንበሯ ሆና ለጥቂት ጊዜ በዝምታ ስትመለከተን ቆየችና «አንቺ ልጅ፣ ውሻ ደግሞ በጉቦ ይሠለጥናል እንዴ?» ስትል ጠየቀችኝ። ያን ጊዜ በሳቅ አለፍኩት። ነገሩ በሳቅ የሚታለፍ እንዳልነበረ የገባኝ ዳማ ባዶ እጄን እያየች ፊቷን ማዞር ከጀመረች በኋላ ነው። እናቴ ትክክል ነበረች፤ ሳላውቀው ጉቦ እየከፈልኩ ነበር።

በጉርሻና በጉቦ መካከል ያለው ልዩነት በምግቡ ዓይነት ወይም መጠን ሳይሆን በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ውሻዋ ምግቡን አስቀድማ አይታ፣ ያዋጣኛል አያዋጣኝም ብላ መዝና የምትታዘዝ ከሆነ የተከፈላት ጉቦ ነው፤ ቃሉን ሰምታ የታዘዘችውን ከፈጸመች በኋላ ምግቡ ካላሰበችው ቦታ ሲመጣላት ግን ጉርሻ ነው። በመጀመሪያው መንገድ የተማረች ውሻ ዓይኗ ከእጃችን አይነቀልም፤ እጃችን ባዶ በሆነ ዕለትም ትእዛዛችን ባዶ ይሆናል።

መቀመጥን ለማስተማር ምግብን መሪ አድርጎ መጠቀም በራሱ ስሕተት አይደለም። ቁራጩን ከአፍንጫዋ ፊት ይዘን ቀስ ብለን በግንባሯ ላይ ወደ ኋላ ስናሳልፈው ራሷ ወደ ላይ ይቀናል፣ ወገቧም በራሱ ጊዜ ዝቅ ብሎ መሬት ይነካል፤ እጃችን ከሚገባው በላይ ከፍ ካለ ግን ትዘላለች እንጂ አትቀመጥም። የእኔ ጥፋት ይህንኑ ለሦስት ሳምንታት ሳላቋርጥ መቀጠሌ ነበር። አምስት ስድስት ጊዜ በምግቡ ከተመራች በኋላ ያንኑ የእጅ እንቅስቃሴ በባዶ እጅ ማሳየትና ጉርሻውን ከሌላው እጅ ወይም ከኋላችን ካስቀመጥነው ሳህን አንስቶ መስጠት ይገባ ነበር። ቃሉ የሚመጣው ከዚህም በኋላ ነው። የእጁን ምልክት አይታ ሳታመነታ መቀመጥ ስትጀምር፣ ከምልክቱ አንድ ሰከንድ ያህል ቀደም ብሎ ቃሉ ይነገራታል። ሁለቱ እኩል ከተሰጡ ውሻዋ የምታየውን ይዛ የምትሰማውን ትተወዋለች፤ ውሾች ከንግግራችን ይልቅ የአካላችንን እንቅስቃሴ ማንበብ ይቀላቸዋልና።

ስለ ቃላቱ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ብጽፍ ደስ ይለኛል፤ በሌላ ቋንቋ ለሚናገሩ ሰዎች የተዘጋጁ የሥልጠና መመሪያዎች ይህን የእኛን ችግር አያውቁትምና። አማርኛ ትእዛዝን እንደ ታዛዡ ጾታ ይለዋውጣል። ዳማ ሴት ስለሆነች በመጀመሪያ የመረጥኳቸው ቃላት «ተቀመጪ»፣ «ተኚ»፣ «ተነሺ»፣ «ቆዪ»፣ «ልቀቂ»፣ «ተይ» እና «ነይ» ነበሩ። ወረቀት ላይ ሲታዩ ምንም እንከን የለባቸውም። ጮክ ብዬ በተከታታይ ሳነባቸው ግን አራቱ በአንድ ፊደል እንደሚጀምሩ፣ አምስቱ በ«ኢ» ድምፅ እንደሚያልቁ፣ «ነይ» እና «ተይ» ደግሞ ትርጉማቸው ተቃራኒ ሆኖ ሳለ በአንዲት ድምፅ ብቻ እንደሚለያዩ አስተዋልኩ። ሰዋስው ለማታውቅና ድምፅን ብቻ ለምትለይ ፍጥረት ይህ ሁሉ አንድ ቃል በሰባት ዓይነት አነጋገር እንደማለት ነው። በዚያ ላይ ወንድሜ ዳማን እንደ ወንድ «ተቀመጥ» ይላታል፤ ልጄ «ቁጭ በይ» ትላታለች፤ እናቴ ደግሞ እንግዳ እንደምትቀበል ሁሉ «አረፍ በይ፣ የኔ እናት» ትላታለች። ዳማ ከአራታችን መካከል ማንን ትስማ?

መፍትሔውን ያገኘሁት እዚያው ቋንቋችን ውስጥ ነው። «ቁጭ በይ»፣ «ጋደም በይ»፣ «ፈታ በይ» ከሚሉት አባባሎች ላይ «በይ» የሚለውን ቆርጠን ብንጥለው የሚቀረው ቃል አጭር ነው፣ ለወንድም ለሴትም አይለወጥም፣ ድምፁም ከሌላው በግልጽ ይለያል። ስለዚህ ለመቀመጥ «ቁጭ»፣ ለመተኛት «ጋደም»፣ ወደ እኔ ለመምጣት «ነይ»፣ ካለችበት እንዳትነቃነቅ «ባለሽበት»፣ የተከለከለ ነገር እንዳትነካ «ይቅር»፣ አፏ ውስጥ የያዘችውን እንድትለቅ «ልቀቂ» የሚሉትን መረጥኩና በትልቅ ወረቀት ጽፌ የማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፍኩት። «ይቅር» ለጆሮ የይቅርታ ቃል እንደሚመስል አልክድም፤ ወንድሜ እስካሁን ይስቅብኛል። ሆኖም ከሌሎቹ ጋር የማይምታታና በቁጣ ለመጮህ የማይመች ቃል በመሆኑ ወድጄዋለሁ።

ሰባተኛው ቃል ትእዛዙ መጠናቀቁን የሚያበስረው የመልቀቂያ ቃል ነው። ይህ ቃል ከሌለ ውሻዋ መቼ መነሣት እንደሚፈቀድላት በራሷ ትወስናለች፣ «ባለሽበት» የሚለውም ትርጉም ያጣል። መጀመሪያ የመረጥኩት «በቃ» የሚለውን ነበር፤ እጅግ ሞኝነት የተሞላበት ምርጫ መሆኑን ያወቅኩትም በስልክ ሳወራ ነው። ዳማ በሩ አጠገብ ባለችበት እንድትቆይ አዝዣት ሳለ ለአንዲት ጓደኛዬ «በቃ ነገ እንገናኝ» አልኳት፤ ዳማ ተነሣች። «አይ፣ በቃ እኔ እመጣለሁ» አልኩ፤ ዳማ ደጅ ወጣች። በቀን ውስጥ ይህን ቃል ስንት ጊዜ እንደምናነሣው የሚያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ይረዳኛል። ከዚያ ወዲህ የምንጠቀመው «ፈታ» የሚለውን ነው።

ከቃላቱ ጎን ለጎን የሚሠራ አንድ ሌላ ድምፅ አለ፤ ትእዛዝ ሳይሆን ማረጋገጫ ነው። ውሻዋ የተፈለገውን ባደረገችበት ቅጽበትና ጉርሻው አፏ በሚደርስበት ጊዜ መካከል ሁልጊዜ ክፍተት ይኖራል፤ ይህ ክፍተት ከአንድ ሁለት ሰከንድ ካለፈ ደግሞ የተሸለመችው ስለ መቀመጧ ይሁን ከመቀመጫዋ ስለ መነሣቷ ልታውቅ አትችልም። አሠልጣኞች ለዚህ ጠቅ የምትል ትንሽ መሣሪያ ይጠቀማሉ፤ እኔ ግን መሣሪያውን ሁልጊዜ ሌላ ክፍል ውስጥ ስለምረሳው «እሰይ» የሚለውን ቃል ተክቼዋለሁ። ቃሉ በመጀመሪያ ለዳማ ምንም ትርጉም አልነበረውም። ምንም ሳላዛት «እሰይ» ብዬ ወዲያው አንድ ቁራጭ መስጠትን በአንድ ጊዜ ሃያ ያህል ጊዜ፣ ለሁለት ቀናት ደጋገምኩት፤ በሦስተኛው ቀን ጀርባዋን ሰጥታኝ ሳለች ቃሉን ስናገር አንገቷን እንደ ቀስት ጠምዝዛ ተመለከተችኝ።

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ በ1904 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኘው ስለ ምግብ መፈጨት ባካሄደው ጥናት ሲሆን፣ ውሾቹ ምግቡ ገና ሳይቀርብ የምግቡን መምጣት በሚያመለክት ነገር ብቻ ምራቃቸው መውረዱን ያጠናውም ከዚያው ሥራው ተነሥቶ ነው። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ቶርንዳይክ ደግሞ በ1898 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናቱ፣ ሳጥን ውስጥ የተዘጉ ድመቶች በአጋጣሚ መውጫውን የከፈተላቸውን ድርጊት ቀስ በቀስ እያፈጠኑ እንደሚደግሙት አሳየ። «እሰይ» የፓቭሎቭ ነው፣ «ቁጭ» የቶርንዳይክ፤ ዳማ ሁለቱንም ሳታውቃቸው በየቀኑ ትመሰክርላቸዋለች።

የልምምዱ ርዝመት ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ነው። ቡችላ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ በላይ ልቧን ሰብስባ መቆየት አትችልም፤ በቀን ሦስት አጫጭር ልምምዶች ከአንድ ረጅም ልምምድ እጅግ ይሻላሉ። ስትሳሳት መቆጣት አያስፈልግም፤ ጉርሻው መቅረቱ ብቻ በቂ ትምህርት ነው። በተከታታይ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተሳሳተች ጥያቄው ከብዷታል ማለት ስለሆነ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ መመለስ ያለብን እኛ ነን። ስለ መምታት ብዙ አልጽፍም። የተመታች ውሻ የምትማረው እጃችንን መፍራት ነው፤ ስታጉረመርም የምትመታ ደግሞ ማጉረምረሙን ትታ ያለ ማስጠንቀቂያ መንከስን ልትማር ትችላለች።

«ባለሽበት» የሚለው ትእዛዝ ትዕግሥትን የሚፈትን ነው፣ የውሻዋን ሳይሆን የባለቤቷን። በውስጡ ሦስት የተለያዩ ችግሮች አሉ፦ የጊዜው ርዝመት፣ የእኛ ርቀትና በዙሪያዋ ያለው ግርግር። ሦስቱን በአንድ ጊዜ ማክበድ ውድቀትን መጋበዝ ነው። እኔ በመጀመሪያ ፊት ለፊቷ ቆሜ ከሁለት ሰከንድ ወደ ሠላሳ ሰከንድ አሳደግኩ፤ አንድ እርምጃ መራቅ ስጀምር ግን ጊዜውን መልሼ ወደ ሁለት ሰከንድ አወረድኩት። ጉርሻውንም ሁልጊዜ እኔው ወደ እሷ ተመልሼ እሰጣታለሁ እንጂ ወደ እኔ አልጠራትም፤ አለበለዚያ የምትማረው መቆየትን ሳይሆን መነሣትን በጉጉት መጠባበቅን ነው።

«ነይ» ግን ከሁሉም በላይ ነው፣ ምክንያቱም አንድ ቀን ከመኪና ጎማ የሚያድናት ይህ ቃል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንድ ሕግ አውጥቼ ቤተሰቡን ሁሉ አስምያለሁ፦ ዳማን «ነይ» ብሎ ጠርቶ የማትወደውን ነገር ማድረግ ክልክል ነው። ገላዋን ለማጠብ፣ ጥፍሯን ለመቁረጥ ወይም ከጨዋታ ወደ ቤት ለማስገባት ሲፈለግ ሄዶ ማምጣት እንጂ መጥራት የለም። ከቤት ውጭ ስንለማመድ አሥር ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ገመድ በደረት ማሰሪያዋ ላይ አስራለሁ፤ አንድ ጊዜ ብቻ እጠራለሁ፣ ካልመጣች ደግሜ አልጮኽም፣ ወደ ኋላ እየሮጥኩ እንድታሳድደኝ አደርጋለሁ። አምስት ጊዜ «ነይ፣ ነይ፣ ነይ» የሚባል ውሻ ቃሉ የሚጸናው በአምስተኛው እንደሆነ ይማራል። ስትመጣም የምትቀበለው ጉርሻ ከቤቱ የተለየ መሆን አለበት፤ ሣሎን ውስጥ ለመቀመጥ የካሮት ቁራጭ ይበቃታል፣ ከሌላ ውሻ ጋር የጀመረችውን ጨዋታ ትታ ለመምጣት ግን ዶሮ ይገባታል፣ አንዳንዴም ሦስት ቁራጭ በተከታታይ።

ትእዛዙን ጠንቅቃ ካወቀችው በኋላ ጉርሻውን በየጊዜው መስጠት አስፈላጊ አይደለም። አንዳንዴ በመጀመሪያው፣ አንዳንዴ በሦስተኛው፣ አንዳንዴ በተከታታይ ሁለት ጊዜ እየሰጡ መቼ እንደሚመጣ እንዳታውቅ ማድረግ ልማዱን የበለጠ ያጸናዋል። በመካከሉ የሚኖረውን ቦታ ኳስ መወርወር፣ ሣሩን እንደ ልቧ እንድታሸት መልቀቅ ወይም አንገቷ ሥር ማከክ ይሞላዋል።

ወደ ምግቡ ልመለስ። የጉርሻ መጠን ከአተር ፍሬ መብለጥ የለበትም፤ ለሥልጠና ትንሿም ቁራጭ ትበቃለች። የእንስሳት ሐኪሞች ጉርሻ ከቀኑ ካሎሪ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራሉ። እንደ ዕድሜዋና እንደ እንቅስቃሴዋ ቢለያይም፣ 10 ኪሎ ግራም የምትመዝን ጎልማሳ ውሻ በቀን 600 ኪሎ ካሎሪ አካባቢ ያስፈልጋታል ብንል፣ ለጉርሻ የሚቀረው 60 ኪሎ ካሎሪ ያህል ነው፤ ይህም ቆዳው ተገፎ ከተቀቀለ የዶሮ ደረት ወደ 40 ግራም የሚጠጋ ነው። ጥቂት ቢመስልም በአተር መጠን ሲቆረጥ ከበርካታ ልምምዶች ይተርፋል። የሰጠነውን ያህል ከመደበኛ ምግቧ መቀነስም ይገባል። እኔ ይህን ባለማድረጌ ዳማ በአንድ ወቅት ወገቧ ጠፍቶ በርሜል መስላ ነበር።

ከዶሮው ሌላ ዳማ የምትበላው ያለ ጨውና ያለ ቅመም የተቀቀለ ቀይ ሥጋ፣ የበሰለ እንቁላል፣ የተቀቀለ ዱባ፣ ካሮት እና ፍሬውና መሐል አንጓው የወጣለት ፖም ነው። አይብ ብትወድም ስብና ጨው ስላለው፣ የወተት ተዋጽኦም ሆዷን ስለሚያውክ በጥፍር ቁንጥር ልክ ብቻ እሰጣታለሁ። አዲስ ምግብ ሲሆን በመጀመሪያው ቀን አንድ ሁለት ቁራጭ ሰጥቼ ሆዷን እጠብቃለሁ። የተረፈ የሥጋ ስብና የቆዳ ጥብስ ለውሻ ደግነት ይመስላል፤ ነገር ግን የጣፊያ ጎረቤት የሆነውን ቆሽትን በድንገት ሊያስቆጣና ለከባድ ሕመም ሊዳርጋት ይችላል። የበሰለ አጥንትም ሲሰበር እንደ ስንጥር ይሾላል።

ፍጹም የሚከለከሉትን በተመለከተ ያስተማረኝ አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። አንዲት እንግዳችን ዳማ «ቁጭ» ስትባል መቀመጧን አይታ በመደነቅ፣ እኔ ሻይ ላፈላ ስገባ ዘቢብ የበዛበት ኬክ በቁራጭ በቁራጭ እየቆረሰች ሸልማታለች። ስመለስ ሳህኑ ባዶ ነበር። የደወልኩለት የመጀመሪያው የእንስሳት ክሊኒክ «ትንሽ ዘቢብ ምንም አያደርጋትም» ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ። ይህ ትክክል አልነበረም፤ ወይንና ዘቢብ የውሻን ኩላሊት ሊያስቆሙ ይችላሉ፣ ስንት ፍሬ አደገኛ እንደሆነም አስቀድሞ መገመት አይቻልም። ሁለተኛው ክሊኒክ ጊዜ ሳናጠፋ እንድናመጣት አዘዘን፤ ሐኪሟ በመርፌ አስመለሰቻት፣ በፌስታል ይዤው የሄድኩትን የኬኩን ፍርፋሪ አየች፣ ከዚያም የኩላሊቷን ሁኔታ ለማወቅ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ደሟን መረመረች። ዳማ ተረፈች። በቤት ውስጥ ጨው ግቶ ማስመለስ ግን ራሱ መርዝ ሊሆን እንደሚችል የሰማሁት ያን ዕለት ነው፤ ቤት ውስጥ ሆነን ልናደርገው አስበን የነበረውም ይህንኑ ነበር።

ያን ምሽት በማቀዝቀዣው በር ላይ ሁለተኛ ወረቀት ተለጠፈ። ቸኮሌት፣ በተለይ ጥቁሩ፣ ልብንና ነርቭን የሚያውክ ቴኦብሮሚን የተባለ ንጥረ ነገር አለው፤ ውሻ ይህን ከሰውነቷ የምታስወግደው እጅግ በዝግታ ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ጥሬም ይሁኑ የበሰሉ ወይም የተፈጩ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያፈርሳሉ፣ ምልክቱም የሚታየው ከቀናት በኋላ ሊሆን ስለሚችል ሽንኩርት የገባበት የሥጋ መረቅ ለጉርሻ አይሆንም። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ዛይሊቶል የተባለው ማጣፈጫ ነው፤ ስኳር አልባ በሆኑ ማስቲካዎችና ከረሜላዎች፣ በጥርስ ሳሙናና በአንዳንድ የኦቾሎኒ ቅቤ ውስጥ ይገኛል። በሰው ላይ እንዲህ የማያደርገው ይህ ነገር በውሻ ሰውነት ውስጥ ኢንሱሊንን በብዛት ያስለቅቅና በደም ውስጥ ያለውን ስኳር አንዳንዴ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቁልቁል ይጥለዋል፤ ጉበትንም ይጎዳል። የኦቾሎኒ ቅቤ ለሥልጠና ተወዳጅ ስለሆነ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ሳያነቡ ማንኪያ ማስገባት አይገባም። ማካዳሚያ የተባለው ለውዝ፣ አልኮልና ያልተጋገረ ሊጥም እዚያው ወረቀት ላይ አሉ።

ወረቀቱ ለሰው ነው፤ ዳማ አታነብም። ስለዚህ ከዘቢቡ ማግስት ጀምሮ ሙሉ ትኩረቴን «ይቅር» በሚለው ላይ አደረግኩ። ቁራጭ ምግብ በጨበጥኩት እጄ ውስጥ ይዤ እዘረጋላታለሁ፤ ትልሳለች፣ በጥርሷ ትነካካለች፣ በመዳፏ ትቧጥጣለች፣ እኔ ዝም እላለሁ። ተስፋ ቆርጣ አፍንጫዋን ለቅጽበት ስታርቅ «እሰይ» እላለሁና ከሌላው እጄ የተሻለ ቁራጭ እሰጣታለሁ። የተከለከለውን መልሶ አለመስጠት ዋናው ምሥጢር ነው፤ «ይቅር» የተባለውን በስተመጨረሻ የምታገኘው ከሆነ ቃሉ የሚያስተምራት መተውን ሳይሆን ጥቂት መታገሥን ነው። ከእጅ ወደ መሬት፣ ከተሸፈነ ወደ ተገለጠ፣ ከተቀመጠ ወደ ሚንከባለል እያልን ሁለት ወር ያህል ፈጀብን። ለ«ልቀቂ» ደግሞ ሁልጊዜ በልዋጭ እንጂ በጉልበት አፏን አልከፍትም፤ እየታገልን የምንነጥቃት ውሻ ቶሎ መዋጥን ትማራለች።

ባለፈው ወር እናቴ የመገጣጠሚያ ሕመሟን የምታስታግስበትን ኢቡፕሮፌን ከብልቃጡ ስታወጣ አንዱ ክኒን ከእጇ አመለጠና ወለሉ ላይ እየተንከባለለ ወደ ዳማ ሄደ። አንድ ክኒን እንኳ የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ሊጎዳ እንደሚችል አውቃለሁ፤ እኔ ግን በክፍሉ ሌላኛው ጫፍ ነበርኩ። «ይቅር!» ያለችው እናቴ ናት። ዳማ አፍንጫዋ ክኒኑን ሊነካ አንድ ጣት ሲቀረው ቆመች፣ ቀና ብላም እናቴን ተመለከተቻት። እናቴ «እሰይ!» አለቻት፤ ልክ በጊዜው፣ እኔ ብሆን ከዚያ አላፈጥነውም። ክኒኑን ለማንሣት ስሮጥ ኪሴ ውስጥ አንድም ቁራጭ ምግብ እንደሌለኝ አስታወስኩ። ዳማ ሳትነቃነቅ ተራ በተራ ታየናለች።

«ምን ቆመሽ ታያለሽ አንቺ ልጅ?» አለችኝ እናቴ፣ «ጉርሻዋን አምጪላት እንጂ!»